ጠበሉንም ጠጪ፣ መርፌሽንም ተወጊ

እንደኔ ስኳር የያዛችሁ ልጆቼ፣

ደሴ ነው ያለሁት። ከመስኮቴ ጦሳ ተራራ ይታየኛል፣ ዛሬ ጉም ለብሷል። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ስኳር የያዘኝ ግን ነርስ ከመሆኔ በፊት ነው፤ በ1971 ዓ.ም.፣ በ15 ዓመቴ።

ያኔ ስሪንጁ የብርጭቆ ነበር። እናቴ በየማለዳው በትንሽ ድስት ትቀቅለዋለች። ከእንቅልፌ የምነቃው ብርጭቆው ከድስቱ ጋር ሲንኳኳ ነበር። ያን ድምፅ እንዴት እንደጠላሁት! እኩዮቼ ደብተራቸውን ይዘው ሲሮጡ እኔ ጭኔን ገልጬ እጠብቃለሁ። «ጌታዬ፣ ምን አድርጌህ ነው?» እለው ነበር። እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁም። እናንተም ካላገኛችሁት እምነታችን ጎድሏል ብላችሁ አትጨነቁ።

በዓመቱ ጠበል ገባሁ። አንዲት ዘመዴ «እምነት ካለሽ መርፌውን ተይው» አለችኝ። ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ያስመልሰኝ ጀመር። ትንፋሼ ቁና ቁና ይላል፤ አፌ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ኢንሱሊን፣ ያ በመርፌ የምወስደው መድኃኒት፣ ሲጠፋ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ያቅተውና ስቡን ያነዳል፤ ደም ውስጥ አሲድ ይበዛል። ይህ ይገድላል። እኔ ይህን በምን አውቄ! በቃሬዛ ነው ያወረዱኝ።

ሊጠይቁኝ የመጡት የንስሐ አባታችን አልተቆጡኝም። «መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ተጽፏል። ጠበሉንም ጠጪ፣ መርፌሽንም ተወጊ» አሉኝ። ጎረቤታችን ሼሁም አጠገባቸው ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። «አላህ የታመመን ሰው ከጾም እንኳ አሳርፎታል፣ የኔ ልጅ» አሉ። ወሎ ነዋ፤ ሁለቱ አንድ አልጋ ጠርዝ ላይ ነበሩ። ስለ ጾም ሐኪማችሁንም የሃይማኖት አባታችሁንም ጠይቁ። ደብቃችሁ አትጹሙ።

ነርስነት ስማር ስለ ሊዮናርድ ቶምሰን አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን በመጀመሪያ የተወጋው እሱ ነው። 14 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው መርፌ ብዙም አልረዳውም። ደህና አጣርተው ሲሰጡት ግን ነፍስ ዘራ። ከዚያ በፊት እንደኛ ዓይነቱ ልጅ ብዙም አይሰነብትም ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። ጸሎቴ ገና ሳልወለድ ተሰምቶ ኖሯል!

ዓላማ ፈልጉ ሲሏችሁ ደግሞ አትደንግጡ። የኔ ትልቅ ነገር ሆኖ አልመጣም። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ከባቲ መጣች። ባቲ ቆላ ነው፣ ፍሪጅ የላቸውም። ለእናትየው ሙቀት እንዳያበላሸው የኢንሱሊኑን ብልቃጥ በደንብ የሚከደን ዕቃ ውስጥ አድርጋ፣ እርጥብ አሸዋ ባለው ማሰሮ ጥላ ቦታ እንድታስቀምጠው አሳየኋት። ልጅቷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «አልወጋም» አለች። ምክር አልሰጠኋትም። የኔም ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ስሪንጄን አወጣሁ። ቀዳሁ፣ አረፋው እንዲወጣ በጥፍሬ መታ መታ አደረግሁት፣ እዚያው ፊቷ ሆዴን ተወጋሁ።

«እንዴ፣ እርስዎም?» አለች።

«እኔም፣ የኔ ልጅ። ካንቺ ትንሽ ከፍ ካልኩበት ዕድሜ ጀምሮ።»

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። «ቢስሚላህ» አለችና ወጋች።

እሷን የነገርኳትን ለናንተም ልንገራችሁ። ከረሜላ ከኪሳችሁ አይጥፋ፤ ስኳራችሁ ወርዶ ላብ ላብ ሲላችሁ፣ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ ቶሎ ብሉ። ክፍል ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ጓደኛ ንገሩ። እኔ ሦስት ዓመት ደብቄ ብቻዬን ፈራሁ፤ ያ ፍርሃት ከመርፌው ይብስ ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ቀድማኝ ደርሳ ነበር። ወረፋ ላይ አንድ ትንሽ ልጅ አጠገቧ ተቀምጧል። ባዶ ስሪንጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ በጥፍሯ መታ መታ እያደረገች ታሳየዋለች።