የወል ግጦሹ ላይ የሚውለው ከብት ስንት ነው?

ከለጋምቦ የደረሰን ጥያቄ፦ «የወል ግጦሻችን እየተራቆተ ነው። ኮሚቴው ልክ ሊያወጣለት ፈልጎ ቤት ለቤት ቢጠይቅ ሁሉም ከብቱን አሳንሶ ይናገራል። ከጎረቤት ቀበሌም ይገባብናል። ተበትኖ የሚውለውን እንስሳ እንዴት እንቁጠረው?»

ቤት ለቤት መጠየቁን ይተዉት። ግብር ይጨመርብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው እውነቱን አይነግርዎትም፤ አይፈረድበትም። ባለቤቱን ትተው እንስሳውን ይቁጠሩ። ያውም ከተበተነ በኋላ ሳይሆን፣ ማለፍ ግድ የሚሆንበት ቦታ ላይ።

በበጋ ያ ቦታ ውሃ ነው። በየምንጩና በየወንዙ መውረጃ በአንድ ቀን ሰው ይቁም። አንዱ ከተረሳ የዋላችሁት በከንቱ ነው። 10 እንስሳ ባለፈ ቁጥር አንድ ጠጠር ኪስ ውስጥ መጣል በቃል ከመያዝ ይሻላል፤ መንጋው ሲጋፋ ቁጥር ይጠፋል። ጥጃ ለብቻ ይቆጠር። በግ ደጋ ላይ ውሃ ሳይጠጣ ሊውል ስለሚችል፣ እሱን ጠዋት ከመንደር መውጫው ላይ ይያዙት። የገበያ ቀን አይምረጡ፤ አህያውና ፈረሱ ጭነት ላይ ነው። የአረፋ ሰሞንም አይሆንም፤ በጉ ተሸጧል።

ክረምት ላይ ውሃ በየቦታው ስለሆነ ይህ ዘዴ አያስኬድም። ችግሩ፣ ማሳው በሰብል ሲያዝ ከብቱ ሁሉ ወደ ወል መሬቱ የሚገፋው ያኔ ነው። እንግዲህ ምልክት ማድረግ ነው። 60 በግ ዝናብ በማያጥበው ቀለም ይቀቡ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግጦሹን ተዘዋውረው ያገኙትን ይቁጠሩ። 80 በግ አይተው 20ው ቀለም ያለው ቢሆን፣ 60ን በ80 አባዝተው ለ20 ያካፍሉ፤ 240 ገደማ በግ አለ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ 60ውን በሙሉ ከአንድ ሰው መንጋ ይቀባል። የየእረኛው መንጋ ለየብቻው ስለሚውል ሒሳቡ ይበላሻል። ከየመንጋው ጥቂት ጥቂት ይቀቡ። በመካከሉ የሚሸጥና የሚገባ እንስሳ በበዛ ቁጥርም ግምቱ ይዛባል።

ቁጥሩ ሲገኝ በግና በሬን እኩል አይደምሩ። እኛ 250 ኪሎ የሚመዝን እንስሳን እንደ አንድ እንይዛለን። በዚህ ልክ አንድ የቀንድ ከብት 0.7፣ ፈረስ 0.8፣ አህያ 0.5፣ በግና ፍየል 0.1 ነው። 100 በግ ግጦሹ ላይ 14 ከብት ያህል ነው ማለት ነው። እንደ አንድ የያዝነው ባለ 250 ኪሎ እንስሳ በቀን 6 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። (ቦረና ሳይንት ፓርክ ዙሪያ ያላችሁ ጭላዳ ዝንጀሮንም አትርሱ፤ እሱም ኑሮው ሣር ነው።)

የጎረቤት ቀበሌውን ከብት ለይታችሁ መዝግቡ። በቆጠራው ቀን የእነሱም ሽማግሌዎች ውሃው ዳር ከእናንተ ጋር ይቁሙ። በኋላ ልክ ሲወጣ «ቁጥሩ የናንተ ነው» የሚል ክርክር የሚነሳው እነሱ በሌሉበት ሲቆጠር ነው።