የጀልባውን ላይፍ ጃኬት ለብሰን ብንዋኝ ምን ችግር አለው?

ጥያቄ፦ ለእረፍት ስንወጣ በወንድሜ ትንሽ ጀልባ እንሄዳለን። ጀልባዋ ስትቆም ላይፍ ጃኬቶቹን ለብሰን እንዋኛለን። የ9 እና የ12 ዓመት ልጆቼ ደግሞ ጃኬቱን ገልብጠው እንደ ቁምጣ በእግራቸው ያጠልቁትና ውሃው ላይ ተቀምጠው ይንሳፈፋሉ። ለሚሰጥም ሰው በሚወረወረው የጀልባዋ መንሳፈፊያ ቀለበትም ይጫወታሉ። ወንድሜ ግን “ይሄ የአደጋ ዕቃ ነው፣ አታበላሹብኝ” እያለ ይቆጣል። እውነት ይበላሻል? — የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ፣ ይበላሻል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን የልጆቹ “ቁምጣ” ነው። እባክሽ ከዛሬ ጀምሮ አስቁሚያቸው።

ላይፍ ጃኬት የሚሠራው ደረትን ወደ ላይ እንዲይዝ ነው። ዳሌ ላይ ሲገባ ወደ ላይ የሚነሳው ዳሌ ይሆናል። ልጁ ቀጥ ብሎ እስከተቀመጠ ድረስ ምቹ ነው። ማዕበል ሲገፋው ወይም ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ግን ፊቱ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ዳሌው ከውሃው በላይ ይቀራል። ለመቃናት እግሩን ወደ ታች ማውረድ አለበት፤ ጃኬቱ ደግሞ አይለቀውም። ዋና ስለማስተምር ይህን ጥልቀት በሌለው ገንዳ ውስጥ፣ አጠገባቸው ቆሜ፣ ለአዋቂ ተማሪዎቼ አሳያለሁ። ጎበዝ የሚባሉት እንኳ በአፍጢማቸው ተደፍተው እግራቸው ከውሃው በላይ ይወራጫል። እኔ ነኝ የማቃናቸው። ልጅሽ በዚያች ቅጽበት ዘለበት ፈትቶ ያወልቃል ብለሽ አትጠብቂ።

በትክክል ለብሶ መዋኘትስ? ፎም ያለው ከሆነ ይቻላል፣ እኔም እደግፈዋለሁ። መጀመሪያ ግን የውስጥ ጽሑፉን አንብቢ። ብዙዎቹ ላይ 50፣ 100፣ 150 ወይም 275 ኒውተን የሚል ታገኛለሽ። 10 ኒውተን ማለት ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያነሳል። አብዛኛውን የሰውነታችንን ክብደት ውሃው ራሱ ስለሚሸከመው፣ አንድ አዋቂ ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ለማቆየት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ የሚያነሳ ተጨማሪ ነገር ይበቃዋል። 50 የሚለው ዋና ለሚችል፣ እርዳታ ቅርብ ላለው ሰው ነው። እጅን አይዝም፣ ለመዋኘትም ይመቻል። ራሱን የሳተን ሰው ግን በጀርባው አይገለብጥም። ከ100 ጀምሮ ያሉት ፊትን ወደ ሰማይ ለማዞር ስለተሠሩ በደረት መዋኘት ትግል ነው። እነሱን ለብሰሽ በጀርባሽ ብትዋኚ ይሻላል።

ለልጆቹ ጃኬት የሚመረጠው በኪሎ ነው። “ሲያድጉ ይደርስበታል” ተብሎ ሰፊ አይገዛም። ዘለበቱን ሁሉ ቆልፈሽ ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው። አገጭና ጆሮ ጋ ከደረሰ ሰፍቷቸዋል። በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ካለው እሱም ይታሰር።

የሚነፋው ዓይነት ግን ለዋና ፈጽሞ አይሆንም። አንገት ላይ እንደ ቀጭን ማንገቻ የሚጠለቀው ማለቴ ነው። ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የታመቀባት ትንሽ ሲሊንደር አለች። በአንዳንዶቹ ውሃ ሲነካ የምትሟሟ እንክብል አለች፤ እሷ ስትሟሟ ሲሊንደሯ ትበሳና ጃኬቱ ባንዴ ይነፋል። ሲሊንደሯ የምታገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ካልተተካች በቀጣዩ ጉዞ፣ በእውነተኛው አደጋ ቀን፣ ጃኬቱ በራሱ አይነፋም። ገመድ ተስቦ የሚነፋው ደግሞ ገመዱ እስኪሳብ ድረስ ማንንም አያንሳፍፍም።

ፎሙም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ሲቀመጡበትና ሲንበረከኩበት ይጨፈለቃል፣ የማንሳት አቅሙም ይቀንሳል። ፀሐይና የገንዳ ክሎሪን ጨርቁን ይበሉታል። ከዋና በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቃችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለዋና የራሳችሁን የፎም ጃኬት መግዛት ነው። የጀልባዋ ዕቃ ጀልባዋ ላይ ደርቆ ይቀመጥ።

ቀለበቱን በተመለከተ ከወንድምሽ ጋር ነኝ። ለመርከብ የሚሠራው ቢያንስ 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ልጅ ለልጅ ሲወራወረው ጭንቅላት ሊመታ ይችላል። ደግሞም አንዱ ሲደክመውና “ድረሱልኝ” ሲል ቀለበቱ ከነገመዱ ቦታው ላይ መገኘት አለበት እንጂ ራቅ ብሎ መንሳፈፍ የለበትም።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። እናንተ ስትዋኙ ጀልባዋ ላይ ማን ይቀራል? ንፋስ ጀልባዋን ከዋናተኛው በላይ ፈጥኖ ሊወስዳት ይችላል። ጃኬት ለብሶ እሷን መከተል ደግሞ አድካሚ ነው። መንዳት የሚችል ሰው ይቅር፣ ሞተሩም ይጥፋ። ልጆቹም ጃኬት ለበሱ ተብሎ ከእጅሽ አይራቁ።

ወንድምሽ የሚነፋ ጃኬት ካለው የእንክብሏን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ይይ። ከእናንተ ጋር ውሃ ገብቶ የተነፋ ካለ ደግሞ ሲሊንደሩና እንክብሉ ሳይቀየሩ በዚያ ጃኬት ጉዞ እንዳትወጡ።