ፋይሎቼን ቤት ውስጥ እንዴት ላስቀምጥ?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የፈተና ወረቀቶቼ፣ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌና የልጆቼ ፎቶግራፎች በሙሉ ያሉት በአንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። ለመጠባበቂያ ብዬ ወደ «ሎካል ዲስክ ዲ» እና ወደ አንድ ፍላሽ ገልብጫቸዋለሁ። ሰሞኑን ግን ፍላሹን ጽሑፍ ቤት አስገብቼ ስመለስ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነው አገኘኋቸው። ኢንተርኔት የምጠቀመው በስልኬ ዳታ ብቻ ነው። ምን ይመክሩኛል?
መምህርት፣ ከደሴ

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ፍላሹን ፎርማት እንዳያደርጉት። እንዲህ ያለው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹን ይሰውራቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም፤ ስለዚህ ሾርትከቶቹን ሳይከፍቱ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ ካስፈተሹ በኋላ፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ባልደረባ «አትሪብ» በተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የተሰወሩትን ሊያወጣልዎ ይችላል።

«ዲ» ላይ መገልበጥ በአገራችን እጅግ የተለመደ ነው፤ ልማዱም መነሻ አለው። ባለሙያ ዊንዶውስን እንደገና ሲጭን የሚያጸዳው «ሲ»ን ስለሆነ፣ «ዲ» ላይ ያለው ይተርፋል። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች «ሲ» እና «ዲ» የአንድ ሀርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች በመሆናቸው፣ ዲስኩ ከተበላሸ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ፍላሹም ቢሆን ከጽሑፍ ቤት ጽሑፍ ቤት እስከዞረ ድረስ ለማመላለሻ ብቻ ይሁንልዎ።

የሚሻለው ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ገዝቶ ለዚሁ ሥራ ብቻ ማዋል ነው፤ ለእርስዎ 500 ጊጋባይት ይበቃል ብዬ እገምታለሁ። በርካሽ ዋጋ «2 ቴራባይት» ተብሎ የሚሸጥ ፍላሽ ግን አይግዙ፤ ብዙዎቹ የተጻፈባቸውን ያህል አይዙም፣ እውነተኛው ቦታቸው ሲሞላም ምንም ሳያስጠነቅቁ ፋይል ያበላሻሉ። ዲስኩን ከሰኩ በኋላ በኮንትሮል ፓናል ውስጥ «ፋይል ሂስትሪ» የሚለውን ቢያበሩት፣ ዲስኩ በተሰካ ቁጥር ዊንዶውስ የተለወጡትን ፋይሎች ራሱ ይገለብጣል፤ የቀድሞ ቅጂያቸውንም ስለሚያቆይ በስህተት ያበላሹትን ምዕራፍ መልሰው ያገኙታል። ነገር ግን የሚያየው እንደ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስና ዴስክቶፕ ያሉትን ፎልደሮች ስለሆነ፣ «ዲ» ላይ ብቻ ያለ ፋይል ካለዎት ወደ እነዚህ ያዛውሩት። ገልብጠው ሲጨርሱ ዲስኩን በሥርዓቱ ነቅለው ከላፕቶፑ ርቆ፣ ቢቻል በዘመድ ቤት ያስቀምጡት፤ እንደተሰካ የሚውል ዲስክ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይቆለፋል።

በስልክ ዳታ ፎቶግራፎቹን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት መጫን ወጪው አያዋጣም። የመመረቂያ ጽሑፉ ግን ትንሽ ፋይል ስለሆነ፣ 15 ጊጋባይት በነጻ በሚሰጠው ጉግል ድራይቭ ላይ ቢያኖሩት መልካም ነው። ቴሌግራም ላይ ለራስዎ መላክም ይቻላል፤ ፎቶ ሲሆን ግን «ፋይል» ብለው ካልላኩት ጥራቱ ይቀንሳል።

በየወሩ አንድ ጊዜ ከዲስኩ ላይ ጥቂት ፋይሎችን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ይዩ፤ ስማቸው ተዘርዝሮ መታየቱ ብቻ መከፈታቸውን አያረጋግጥም። ዲስኩ ዘመድ ቤት የሚያድር ከሆነ ደግሞ የፈተና ወረቀቶቹን ሰቨን ዚፕ በተባለው ነጻ ፕሮግራም በይለፍ ቃል ይቆልፏቸው፤ የይለፍ ቃሉንም ከላፕቶፑ ውጭ በደብተር ላይ ይጻፉት።