መልስ፦ በሐዲድ መገናኛ ላይ ያለው ማማ ምን ይሠራል?

«ሐዲዶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ባለ ብዙ መስኮት ማማ ምን ይሠራል? ዛሬስ የቀረ አለ?» ላልከው፦ አዎ፣ አለ! እኔ በጣም የምወደው እንግሊዝ አገር፣ ሽሩስበሪ ከተማ ያለውን ነው። የሴቨርን ብሪጅ መገናኛ ማማ ይባላል። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1903 ገደማ ነው። ውስጡ 180 ረጃጅም የብረት እጀታዎች ተደርድረዋል። በእጅ ከሚሠሩትና እስከ ዘመናችን ከዘለቁት ማማዎች በዓለም ትልቁ እሱ ነው።

ሠራተኛው አንዱን እጀታ ሲስብ ሽቦ ውጭ ያለውን፣ ባቡሩን «ቁም» ወይም «እለፍ» የሚለውን ምልክት ያንቀሳቅሳል። ሌላው እጀታ ደግሞ በብረት ዘንግ ሐዲዱን አንቀሳቅሶ የባቡሩን መንገድ ይቀይራል። ዋናው ብልሃት ግን ከወለሉ ሥር ነው። እጀታዎቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ለአንዱ ባቡር መንገድ ከተከፈተ፣ ሌላ ባቡር አምጥቶ የሚያጋጨው እጀታ ቢጎትቱት ንቅንቅ አይልም! እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ሳክስቢ ለዚህ ዓይነቱ ፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ነገር በአንድ ሠራተኛ ንቃት ላይ የተንጠለጠለ ነበር።