መጀመሪያ በገዛ ዓይናችሁ እዩት

ልጆቼ፣

ስለ ፊልም ስትከራከሩ መስማት እወዳለሁ። የምታውቁት ነገር ብዛቱ ይገርመኛል። የትኛው ፌስቲቫል ማንን እንደሸለመ፣ የትኛው ብሉ ሬይ (የፊልም ዲስክ) የት አገር እንደወጣ፣ አዳራሹ ስንት ደቂቃ እንዳጨበጨበ ሳይቀር በቃላችሁ ትይዛላችሁ። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ብዙዎቻችሁ ፊልሙ ሳይጀምር ሐሳባችሁን ጨርሳችኋል። ለፊልሙ የተሰጠውን ነጥብ አይታችሁ፣ ሽልማቱን ቆጥራችሁ፣ የሰው አስተያየት አንብባችሁ ትቀመጡና የተባለውን ስትፈልጉ ፊልሙ ያልቃል።

እኔ የኖርኩት ሲኒማ ቤት ማጫወቻ ክፍል ውስጥ ነው። ያኔ ፊልም በጥቅል በጥቅል ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ጥቅል 20 ደቂቃ ገደማ። ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ይቆማል። አንዱ ጥቅል ሊያልቅ ሲል ከስክሪኑ ላይ በስተቀኝ ጥግ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች፤ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር አስነሳለሁ። ሰባት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሌላዋ ስትመጣ ምስሉን ወዲያ አዞራለሁ። ምልክቷ የምትቆየው አራት ፍሬም (ፊልሙ ላይ በተርታ ያሉ አራት ምስሎች) ብቻ ነው፣ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ። ዓይኔን ነቅዬ ሌላ ነገር ማየት አልችልም ነበር። ስለዚህ ወደድኩም ጠላሁም አንዱን ፊልም ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ አየሁት። በመጀመሪያው ቀን "ይሄ ደግሞ ምን ይባላል" ብዬ የናቅኩት ፊልም በስድስተኛው ቀን ሲይዘኝ አውቃለሁ። በጣም የወደድኩትም በሳምንቱ ባዶ ሆኖብኝ ያውቃል።

ቀርፋፋ ስለምትሏቸው ፊልሞች ላውራ፤ ክርክራችሁ የሚከርረው እዚያ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። የቤልጅየሟ ዳይሬክተር ሻንታል አከርማን ገና በ20ዎቹ ዕድሜዋ ሳለች፣ በ1975፣ "ዣን ዲልማን"ን ሠራች። 201 ደቂቃ ነው። አንዲት እናት ሦስት ቀን ቤቷ ውስጥ ስትሠራ እናያለን፤ ታበስላለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ መብራት ታበራለች፣ ታጠፋለች። ካሜራው አይንቀሳቀስም። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ነገር በቦታውና በሰዓቱ ነው፣ እኛም ሳናውቀው ሥርዓቷን እንለምደዋለን። በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከልክ በላይ ይበስልባታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ድስቱን ይዛ የምታደርግበት ይጠፋታል። በሌላ ፊልም ቢሆን ማንም ልብ የማይለው ነገር ነው፤ እዚህ ግን ቤት የፈረሰ ያህል ያስደነግጣል። ያንን ድንጋጤ የሰጠን የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ያን ሰዓት አሳልፋችሁ ብትመጡ ድንቹ ድንች ብቻ ይሆንባችኋል።

ይህን ፊልም ሳይት ኤንድ ሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ2022 ሃያስያንን ጠይቆ አንደኛ አድርጎታል። መጽሔቱ ከ1952 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ይጠይቃል፣ አንደኛውም ይለዋወጣል። አንደኛ ስለተባለ ብቻ የወደዳችሁት ካላችሁ ቀጣዩ ዝርዝር ሲመጣ ምን ልትሉ ነው? ስለሰለቻችሁ የጠላችሁትም ብትሆኑ አልቀየማችሁም፣ ሐቀኛ ስሜት ነው። ግን የት ላይ እንደሰለቻችሁ ንገሩኝ። የትኛው ትዕይንት ላይ? ምን እየጠበቃችሁ ነበር? "ቀርፋፋ ነው" ብላችሁ ከተዋችሁት ገና ስለ ፊልሙ አልተናገራችሁም።

ፌስቲቫልም እንደዚያው ነው። በ1960 የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የአንቶኒዮኒ "ላቬንቱራ" ፈረንሳይ ውስጥ ካን ፌስቲቫል ላይ ሲታይ አዳራሹ በፉጨትና በሳቅ አዋረደው። በማግስቱ የፊልም ሰዎችና ሃያስያን ፈርመው ደገፉት፣ የዳኞችን ሽልማትም ወሰደ። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1962፣ በዚያው መጽሔት ዝርዝር ሁለተኛ ሆነ። ፊልሙ አንድም ፍሬም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። እናም ፌስቲቫል የመሄድ ዕድል ካገኛችሁ በቀን አምስት ፊልም አትደርድሩ፣ ማታ ላይ ሁሉም ይደባለቅባችኋል። ሁለት ይበቃል፣ ቢበዛ ሦስት። ከመካከላቸው አንዱ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ይሁን።

አሁን ወደ ቤት። ወጣት ሳለሁ አንድ የቆየ ፊልም ሳጫውት ተሳሳትኩ። ማሽኑ ውስጥ የምትገባ፣ ምስሉን በልኩ የምትከልል ቀጭን ብረት አለች፤ ለሰፊ ምስል ፊልም የምትሆነውን አስገባሁ። የተዋንያኑ ግንባር ተቆርጦ ታየ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ነበር፣ አንድም ሰው አልጮኸም፣ ፊልሙ እንደዚያ የተሠራ መስሏቸው ወጡ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ዛሬ እናንተ ቤታችሁ ውስጥ ያንኑ ታደርጋላችሁ፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሲሆን "ስክሪኑን አልሞላም" ብላችሁ ትለጥጡታላችሁ። ተዉት። ጥቁሩ የፊልሙ ልክ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስሉን እንደ ቀጥታ ስርጭት የሚያለሰልሰውን ነገርም አጥፉት፣ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ከ2020 ወዲህ የወጡ ብዙ ቴሌቪዥኖች ፊልምሜከር ሞድ የሚባል፣ ፊልሙን እንደተሠራ የሚያሳይ ማስተካከያ አላቸው፣ እሱን መክፈት ይበቃል። የድሮ የአውሮፓ ዲቪዲ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ በ25 ፍሬም ስለሚሄድ የ100 ደቂቃ ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል።

ጥሩ ዲስክ የምወደው ከሰብሳቢነት አይደለም። የዴንማርካዊውን ዳይሬክተር የድራየርን "የዣን ዳርክ ስቃይ" አስቡ። በ1928 ወጣ፣ ዋናው ኔጋቲቭ (ቅጂዎቹ የሚታተሙበት ፊልም) ተቃጠለ። ሰው ለአሥርት ዓመታት ሲያደንቅም ሲነቅፍም የኖረው የተነካካና የተቆራረጠ ቅጂ ነው። በ1981 ኖርዌይ ውስጥ፣ አንድ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ውስጥ፣ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ተገኘ። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት የምታዩት የትኛው ቅጂ እንደሆነ፣ ከምን እንደታደሰ እዩ። ከዲስኩ ጋር የሚመጣውን ትንታኔ ግን ለኋላ አቆዩት። የዳይሬክተሩን ማብራሪያም ለኋላ። መጀመሪያ እናንተና ፊልሙ ብቻችሁን ሁኑ።

ሲያልቅ ወዲያው ስልክ አታንሱ። ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፣ ያያችሁትን፦ አንድ ፊት፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ በር። ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትገናኙ ከዚያ ጀምሩ። እኔ ያየሁትን በር ጓደኛዬ ላያየው ይችላል፣ ጨዋታው የሚደምቀውም ያኔ ነው።

"ዣን ዲልማን"ን ያላያችሁ ካላችሁ አንድ ሙሉ ምሽት ስጡት፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ስለ ሦስተኛው ቀን ምንም አልነገርኳችሁም። እሱን እናንተ ጻፉልኝ።