መጀመሪያ የጫማ ቁጥር ጠይቁ (ለዱር እንስሳት ብር ለምታሰባስቡ ልጆች)

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ በቴሌግራም ፖስተር ላከልኝ። ትልቅ የአንበሳ ፎቶ፣ ከላይ "አንበሳችንን እናድን"፣ ከታች የባንክ አካውንት ቁጥር፣ በቃ ይሄው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሲለጥፈው ከርሞ የገባለት 1,300 ብር ነው፣ ከሱም ውስጥ 500ው የእናቱ። "ጋሼ ሕዝባችን ለተፈጥሮ ግድ የለውም" ብሎ ጻፈልኝ ተናዶ። እኔ ግን ሕዝቡን ከመውቀሱ በፊት ፖስተሩን ደገም አድርጎ ቢያየው ደስ ይለኛል። አንበሳው ራሱ ከኢንተርኔት የወረደ የሰው አገር አንበሳ ነው፣ የኛው አንበሳ እኮ ጠቆር ያለ ጎፈር ነው ያለው... ለማንኛውም በልጁ አልስቅም፣ እኔም በሱ እድሜ ያንኑ ፖስተር ነው የሰራሁት፣ ልዩነቱ የኔው 34 ገጽ ፕሮፖዛል መሆኑ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው ሰሜን ተራሮች ነው፣ በኛ አቆጣጠር በ80ዎቹ መጨረሻ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦ በ1996 ደግሞ "አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች" ዝርዝር ውስጥ የገባበት ሰሞን ነው። እኔ ጎረምሳ ነኝ፣ ዲግሪዬን ይዤ መጥቻለሁ፣ ዋልያን የማድነው እኔ ነኝ ብዬ ነው የማስበው። ሳንቃበር ካምፕ 3,200 ሜትር ገደማ ነው ጨነቅ ደግሞ 3,600፣ ሌሊት ውርጩ አጥንት ይገባል፣ ስካውቶቹ (የፓርኩ ጠባቂዎች) ፓትሮል የሚወጡት ግን በኮንጎ ጫማ ነው፣ አንዳንዱ በበርባሶ። እኔ ይሄን በየቀኑ እያየሁ ፕሮፖዛሉ ውስጥ አንድም ቦታ ላይ አልጻፍኩትም። ስለ ብዝሃ ሕይወት፣ ስለ ስነምህዳር ሚዛን፣ ስለ መጪው ትውልድ ጻፍኩ። ለስንት ቦታ ላክሁ፣ የመለሰልኝ የለም።

ከዛ አንድ ቀን አዲስ አበባ ለእረፍት ወርጄ መርካቶ ጫማ ልገዛ ገብቼ ከባለሱቁ ጋር ጨዋታ ጀመርን፣ የት ነው የምትሰራው አለኝ ነገርኩት፣ እንዴት ነው ብርዱ ሲለኝ ስለ ስካውቶቹ ኮንጎ ጫማ ሳላስበው አወራሁት። ሰውየው ዝም ብሎ ሰምቶኝ "ስንት ናቸው?" አለ። 24 አልኩት። "ቁጥራቸውስ?" አለኝ። አላውቅም! ለሁለት ዓመት አብሬያቸው የኖርኩ ሰው የአንዳቸውንም የጫማ ቁጥር አላውቅም። አፍሬ "43 አድርገው" አልኩት፣ 24 ቡት በ43 ሰጠኝ፣ ይዤ ወጣሁ፣ ለግማሹ ሰው አልሆነም፣ ሲለዋወጡ ሲሸጡ ሳምንት ፈጀ።

እና ልጆቼ ልመና ላይ የማውቀው ነገር ቢኖር ከዛ ሱቅ ያገኘሁት ነው። ሰው "ተፈጥሮን አድን" ስትለው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። "ለ24 ሰው ቡት" ስትለው ግን እጁ ኪሱ ይገባል፣ ምክንያቱም ብርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ፖስተር ከመስራታችሁ በፊት ሂዱና ከስካውቶች ጋር አንድ ሳምንት እደሩ። ምን ይበላሉ፣ ራሽን ስንት ቀን ይደርሳቸዋል፣ ሬዲዮው ባትሪ አለው ወይ፣ ሲታመሙ ማን ያወርዳቸዋል፣ ከአዳኝ ጋር ተታኩሶ የሞተ ስካውት ሚስትና ልጆች ምን አገኙ... ይሄን ሳታውቁ ብር መጠየቅ ቁጥር ሳይዙ ጫማ መግዛት ነው።

አሁን ደግሞ ወደምትፈሩት ጥያቄ ልምጣ። "ሰው እየተራበ ለአውሬ ትለምናላችሁ?" ይሏችኋል፣ ያውም በየሄዳችሁበት። አትቆጡ፣ "ኋላቀር" አትበሉ፣ ጥያቄው ትክክል ነው፣ እኔ ራሴ ረሃብ አይቻለሁ። ግን መንዝ ሂዱ። ጓሳን ታውቁታላችሁ? ከመሃል ሜዳ ወጣ ብሎ ያለው ከፍተኛ ቦታ። እዛ ያለው ሕዝብ ቄሮ በሚባል ስርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳውን ሳር ሲጠብቅ ኖሯል፣ ዶነር ሳይኖር፣ ፕሮጀክት ሳይኖር! የሁለቱ ወገኖች፣ የአስቦና የጌራ ልጆች፣ በየወገናቸው አባ ቄራ የሚባል የጥበቃ አለቃ ይመርጣሉ፣ ሳሩ ሶስት አራት አንዳንዴም አምስት ዓመት ይከለላል፣ ማንም ከብት አያስገባም ማንም አያጭድም፣ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ሲከፈት ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ዝናብ ለሚከላከለው ጌሳ። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው በመሃል ተረፉ፣ ማለቴ ሰዎቹ ቀይ ቀበሮ እንጠብቅ ብለው አይደለም የጀመሩት፣ ሳራቸውን ነው የጠበቁት። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ስርዓቱ ሲፈርስ ጓሳው ተጎዳ፣ በኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ እንደገና አነሳው፣ ዛሬ የማህበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው።

ስለዚህ ያ ጥያቄ ሲመጣ እኔ የምለው "ልክ ነህ፣ ለዛ ነው መጀመሪያ አጠገቡ ላለው ሰው የምለምነው" ነው። ነብር ፍየል የበላበት ገበሬ ፊት ቆመህ ስለ ነብር ውበት ብታወራ በዱላ ነው የሚያባርርህ፣ እውነቱንም ነው። የከብት በረት ማጠናከሪያ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የትምህርት ቤት ጣራ፣ እንዲህ ያለውን በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ። የሰሜን ተራሮች መግቢያ ደባርቅ ላይ በቅሎ የሚያከራየው፣ ምግብ የሚያበስለው፣ አስጎብኚው፣ ሁሉም የሚበላው ከፓርኩ ነው፣ ኮሮና መጥቶ ቀጥሎም ጦርነቱ መጥቶ ቱሪስት ሲቀር ያ ሁሉ ሰው ምን በላ ብላችሁ ጠይቁ። ባዶ ሆድ ያለው ጎረቤት ባለበት ፓርክ ስካውት ብታበዙ ብዙ ርቀት አይወስዳችሁም።

አዳኝ ስንል ደግሞ ሁሉን አንድ ላይ አትጨፍልቁት። ሽቦ ወጥመድ የሚያጠምድ አለ፣ ለስጋ ነው፣ ብዙ ጊዜ ድሃ ነው፣ ከሱ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ይቻላል፣ ከጥሩ ስካውቶቻችን አንዳንዶቹ እኮ ድሮ አዳኝ የነበሩ ናቸው፣ መንገዱን እንደነሱ የሚያውቅ የለም። ሌላው ግን ንግድ ነው። ዝሆን ጥርሱን እናውቀዋለን፣ መጋቢት 2007 ላይ መንግስት 6.1 ቶን የተያዘ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ ሲያቃጥል ብዙዎቻችን "ሀብት እንዴት ይቃጠላል" ብለን አጉረምርመናል፣ እኔም ጭምር፣ በኋላ ነው የገባኝ፣ መጋዘን ውስጥ ያለ ጥርስ መልሶ ገበያ መውጫ ቀዳዳ አያጣም።

አቦሸማኔው ግን ይበልጥ ያንገበግበኛል። በዓለም ላይ የቀረው 7,000 አካባቢ ነው ይባላል፣ ከኛ ምስራቅ በኩል ግልገሎቹ ከእናታቸው እየተወሰዱ በሶማሌላንድ ባህር ተሻግረው በየመን በኩል ወደ ገልፍ አገሮች ይወጣሉ፣ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ነው የሚሞቱት፣ የተረፉት የሀብታም ቤት መጫወቻ ይሆናሉ። እና ዱባይ፣ ሪያድ፣ ኩዌት ያላችሁ ልጆች፣ እናንተ ብር ባትልኩ እንኳ አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ፣ በሰው መኪና ውስጥ አንገቱ የታሰረ ግልገል ስታዩ አብራችሁ ፎቶ አትነሱ፣ የተለጠፈውንም ላይክ አታድርጉ፣ ያ ላይክ ለነጋዴው ገበያ ነው። ኤምሬትስ ራሷ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ እንዲህ አይነት አውሬ በግል ማሳደር በሕግ ከልክላለች። ስራችሁን አደጋ ላይ ጣሉ እያልኩ አይደለም በነገራችን ላይ፣ በሰው ቤት ተቀጥራችሁ ያላችሁ ልጆች ራሳችሁን ጠብቁ፣ አለማጨብጨብ ብቻ በቂ ነው።

በ2011 ሚያዝያ ገደማ ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ታስታውሳላችሁ? ግጭ በኩል የጓሳ ሳሩ ሲነድ፣ ፌስቡኩ ሁሉ እሳት በእሳት ሆኖ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ የደባርቅ ሕዝብ ቅጠልና ውሃ ይዞ ተራራ ወጣ። ሰው ሁሉ "በየት በኩል ልላክ?" ይል ነበር። ከዛ እሳቱ ጠፋ፣ ጥያቄውም አብሮ ጠፋ። እኔ ያኔ ስራው ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ልምድ አለኝ እላለሁ፣ ግን አንድ ወረቀት እንኳ ተዘጋጅቶ እጄ ላይ አልነበረም! እሳት እየነደደ ነው ለሚቀጥለው ዓመት የሚለመነው፣ አካፋ፣ ውሃ መርጫ፣ እሳት መከላከያ መስመር የሚጠርግ የቀን ሰራተኛ፣ ዝርዝሩ ቀድሞ መሳቢያ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ ሰው ልቡ የሚከፈትበት ቀን አጭር ነው። ከዛ በኋላ ደግሞ የሚያዋጣው ትንሽ ትንሽ በየወሩ ነው፣ አሜሪካ ያሉት ወገኖቻችን በ2010 መጨረሻ ለአገር ልማት በቀን 1 ዶላር ብለው የጀመሩትን አይታችኋል፣ 100 ሰው በየወሩ 200 ብር ቢልክ አንዴ ከሚመጣ ትልቅ ብር ይሻላል፣ ምክንያቱም ስካውት በየወሩ ነው የሚበላው።

ፎቶ የማያምርለት ስራም አለ፣ እሱን አትሽሹ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ 500 ገደማ ነው ያለው፣ ሁሉም እኛ ጋ፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ። ከጥይት በላይ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ ከእረኛ ውሻ የሚተላለፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሳው ወረርሽኝ ብቻ እዛው ባሌ ዌብ ሸለቆ ውስጥ የነበረውን አብዛኛውን ጨረሰ። መፍትሄው ምንድነው፣ በየመንደሩ እየዞሩ ውሻ መከተብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ክትባቱን ፍየል ስጋ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮው ራሱ ማብላት። አሁን ማን ነው "ለውሻ መርፌ አዋጡ" ሲባል የሚያዋጣው? ያዋጣል! እኔ አንድ ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ የማላውቃቸው ሴትዮ ይሄን ሲሰሙ "ልጄን ውሻ ነክሶት 14 ቀን ምግብ አልበላሁም" ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ።

ስለ ገንዘብ አያያዝ ልቆጣችሁ ነው፣ ታገሱኝ። በግል ስማችሁ አካውንት፣ በግል ቴሌብራችሁ አትሰብስቡ፣ ንፁህ ሰው ብትሆኑም አትሰብስቡ። ወይ ተመዝግቦ የሚሰራ ማህበር ጋር ተጠጉ፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማህበር አለላችሁ፣ ወይ ራሳችሁ ተመዝገቡ፣ ፓርክ ውስጥ ለሚሰራው ስራ ደግሞ ፈቃዱን ከሚመለከተው ባለስልጣን ቀድማችሁ ያዙ። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፣ ምን እንደ አስተዳደር ወጪ እንደሚቆጠር ብር ከመግባቱ በፊት አጣሩ። እቃ ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ የቀረጥ ነፃ ደብዳቤው ይቅደም፣ እኔ እሱን ሳልጨርስ ከዋሽንግተን ልጆች የላኩትን 12 የሩቅ ማያ መነፅር (ባይኖኩላር) አስጭኜ መነፅሩ መጋዘን ሲከርም ክረምቱ አልፏል።

የሆቴል እራት ነገርማ አታንሱብኝ። አንዴ የገቢ ማሰባሰቢያ ብለን አዳራሽ ተከራየን፣ ባንድ መጣ፣ ጥብስ በጥብስ፣ የክብር እንግዶች በነፃ ገቡ (ሁሉም የክብር እንግዳ ነበር መሰለኝ)፣ ሂሳቡ ሲሰራ ለፓርኩ የተረፈው የአንድ ወር ነዳጅ እንኳ አይሞላም። ጨረታ ላይ 40,000 ብር የጠራው ሰውዬ እስካሁን አልከፈለም።

ሪፖርት ላይ ደግሞ አትዋሹ። ይሄን በጫማው ታሪክ ልጨርስላችሁ፣ ቅድም ግማሹን ነው የነገርኳችሁ። ከስድስት ወር በኋላ ባለሱቁን ደብረታቦር ለዘመድ ለቅሶ መጥቶ አገኘሁትና ካልወጣህ ብዬ ሳንቃበር ወሰድኩት። ስካውቶቹ ተሰልፈው ሊቀበሉት ወጡ። 24 ሰው፣ ሁሉም በኮንጎ ጫማ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሽማግሌውን ስካውት ጠጋ ብዬ "ቡቱስ?" አልኩት በሹክሹክታ። "ለቤተክርስቲያን ነው የምናደርገው ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ጫማ ድንጋይ ላይ ይለበሳል?" አለኝ። አንዱ ደግሞ ልጁን ሊድር አስቀምጦታል። ልዋሽ ፈልጌ ነበር፣ ታጥቦ ነው፣ ተሰጥቶ ነው ልል። አልቻልኩም፣ እንዳለ ነገርኩት። ባለሱቁ እስኪያስለው ሳቀ፣ ከዛ ደብተር አወጣና ከመጀመሪያው ሰውዬ ጀምሮ አንድ በአንድ ቁጥራቸውን እየጠየቀ ጻፈ። ለገና ሰሞን 48 ጥንድ መጣ፣ በየሳጥኑ ላይ ስም ተጽፎ፣ በአንዱ ላይ "የፓትሮል" በሌላው ላይ "የሰንበት" የሚል።