የሥራ አድልዎ በአሜሪካ፦ ቀኑ ከመቼ ይቆጠራል? እና ሌሎች ጥያቄዎች

በአሜሪካ ስለሚደርስ የሥራ አድልዎ ከላካችሁልን ውስጥ አራቱን እንመልሳለን። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማርች 3 «ሥራህ ኤፕሪል 30 ያበቃል» የሚል ደብዳቤ ተሰጠኝ። ምክንያቱ ዘሬ እንደሆነ አምናለሁ። ለኤች አር (ለድርጅቱ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል) አመልክቼ መልስ እየጠበቅሁ ነው። የመክሰሻው ጊዜ የሚጀምረው ሥራ ካቆምኩ በኋላ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ደብዳቤው እጅዎ ከገባበት ከማርች 3 ጀምሮ ነው። ላይቤሪያዊው መምህር ሪክስ ከዴላዌር ስቴት ኮሌጅ ጋር ባደረገው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ይህንኑ ወስኗል፦ ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተነገረበት ዕለት ነው። ለኤች አር ማመልከትም ቆጠራውን አያቆመውም። «መጀመሪያ በውስጥ እንጨርሰው» ሲባል ጊዜው ያልፍና፣ ጥሩ ማስረጃ የያዘ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ይህ የሚያስቆጭ ነገር ነው፤ እባክዎ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስኬዱ።

ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ ማለትም ለኢኢኦሲ፣ ክስ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው። ስቴቱ ወይም ከተማው እንዲህ ያለውን አድልዎ የሚከለክል ሕግና አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ካለው 300 ቀን ይሆናል። ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ይቆጠራሉ። የመጨረሻው ቀን በእነሱ ላይ ከዋለ ብቻ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል።

በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ጥያቄ ያስገባሉ፣ ቃለ መጠይቅ ይደረግልዎታል፣ ከዚያ የተዘጋጀውን ክስ አንብበው ይፈርማሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን ክስ አይደለም፤ «አስገብቻለሁ» ብለው የተቀመጡ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ፣ ተመሳሳይ ሥራ ያለው ሌላ ሠራተኛስ እንዴት እንደተያዘ ይግለጹ። አቤት በማለትዎ የበቀል እርምጃ ከተወሰደብዎት እሱም ለብቻው ይጠቀስ፤ በክሱ ላይ ያልሰፈረ ምክንያት በኋላ ፍርድ ቤት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ኮሚሽኑ ፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚችሉ የሚገልጸው የመክሰስ መብት ደብዳቤ ሲደርስዎት ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን አለዎት። አድራሻ ከቀየሩ ለኮሚሽኑ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ምግብ ቤት 9 ሠራተኞች ብቻ ስላሉት ሕጉ አይመለከተኝም ተባልኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሥራ ክፍል የሚሠራው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላለው ቀጣሪ ነው። ባርነት በቀረ ማግስት የወጣው የ1866ቱ ሕግ ግን የሠራተኛ ቁጥር አይጠይቅም፤ በኢኢኦሲ በኩል ማለፍም አያስፈልግም። በዘር ምክንያት ለመባረር የመክሰሻ ጊዜው 4 ዓመት ነው። ዘር ሲባል የትውልድ ሐረግንም እንደሚጨምር በ1987 ተወስኗል። ሃይማኖትንና ጾታን ግን አይሸፍንም። ማስረዳቱም ይከብዳል፤ ዘርዎ ባይሆን ኖሮ ነገሩ እንደማይደርስብዎት ማሳየት አለብዎት፣ የ2020 ውሳኔ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የሚሠሩ ከሆነ የከተማዋ የሰብዓዊ መብት ሕግ ትንንሽ ቀጣሪዎችንም ይይዛል፤ ለከተማዋ መሥሪያ ቤት የሚቀርበው አቤቱታ ገደቡ 1 ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ እሑድ ለቅዳሴ ሺፍት ይቀየርልኝ ብዬ ተከለከልኩ።

መልስ፦ ለብዙ ዓመታት ቀጣሪዎች «ትንሽ ወጪ ያመጣብናል» ብለው እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። በ2023 ግን፣ እሑድ አልሠራም ባለው የፖስታ ሠራተኛ በግሮፍ ጉዳይ፣ ፍርድ ቤቱ ቀጣሪው ከሥራው ስፋት አንጻር ከባድ ወጪ እንደሚገጥመው ማሳየት እንዳለበት ወሰነ። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ምክንያቱ ሃይማኖት መሆኑን በግልጽ ይናገሩ፤ ሺፍት ሊቀያየርዎት የሚፈልግ ባልደረባ ካለ ስሙን ይጥቀሱ። ሌሎች ሠራተኞች ሃይማኖትዎን አለመውደዳቸው ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። ለጥምቀትም ሆነ ለጁምዓ ሶላት አሠራሩ አንድ ነው።

ጥያቄ፦ «አክሰንትህ ይከብዳል» ተብዬ እድገት ተነፈገኝ።

መልስ፦ ይህ የሚፈቀደው ሥራው በቃል መግባባትን የግድ ሲጠይቅና አነጋገርዎ በእርግጥ ሥራውን ሲያደናቅፍ ብቻ ነው። ከደንበኞች ጋር ሲሠሩ የቆዩበትን መዝገብና ጥሩ የሥራ ግምገማዎን ይያዙ፤ ማን ምን እንዳለ ከነቀኑ ይጻፉ። የ180 ወይም የ300 ቀኑ ቆጠራ እድገቱ እንደማይሰጥዎት ከተነገረዎት ቀን ጀምሯል።